ዛሬ «ሌዲ» ላይ ተቀመጥኩ

እረፍቴ ስለነበር ሚላን መሃል አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ለዓመታት በፎቶ ብቻ የማውቃት ነጠላ ሶፋ፣ «ሌዲ»፣ እዚያ ቆማለች። የሚላኑ አርክቴክት ማርኮ ዛኑሶ በ1951 እ.ኤ.አ. የነደፋት ናት፤ የጣሊያኑ የቤት ዕቃ አምራች ካሲና በ2015 እንደገና ማምረት ጀመረ።

አባቴ ሶፋ ሠሪ ነበር። ሞላ በሲባጎ ሲያስር ጣቱ ሲላጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዛኑሶ ያስወጣው ያንን ሞላ ነው! የጎማ አምራቹ ፒሬሊ የጎማ ስፖንጅ ለቤት ዕቃ ይሆን እንደሆነ እንዲሞክር ሰጠው፤ እሱም በሞላው ፋንታ የሚለጠጥ የጎማ ጠፍር ወጥሮ ስፖንጁን በላዩ አደረገ። መቀመጫው፣ መደገፊያውና ሁለቱ ክንዶች ለየብቻ ተሠርተው፣ ለየብቻ ጨርቅ ለብሰው፣ መጨረሻ ላይ ይገጣጠማሉ። ለፋብሪካ የተመቸችው በዚህ ነው። በተነደፈችበት በ1951 በሚላን ትሪየናሌ፣ በከተማዋ በሚካሄደው የዲዛይን ኤግዚቢሽን፣ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች።

ክንዶቿ እንደ ባቄላ ፍሬ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ክርን ቦታውን ራሱ ያገኛል። ከመነሳቴ በፊት ከኋላ ዞሬ ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት። አባዬ ቢኖር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። ቀጥ ያለ ስፌት፣ አንድም ቦታ ያልተጨማደደ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሻጯም ምንም አላለችኝም።