የሊፍታችን ደወል መላሽ እስኪያገኝ

በቸርችል ጎዳና ዳር የማስተዳድረው ሕንፃ ሁለት ሊፍቶች አሉት። በሁለቱም ካቢኖች ውስጥ የደወል ምልክት ያለበት ቢጫ ቁልፍ ነበረ፤ ሲጫኑትም ይጮኻል። ለብዙ ጊዜ ከዚህ የበለጠ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሁለት ፎቅ ሊከራይ የመጣ አንድ የውጭ ድርጅት ግን ውል ከመፈረሙ በፊት የደኅንነት ባለሙያውን ላከ። ባለሙያው ቀለሙንም ወለሉንም አላየም፤ ሊፍት ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ተጫነና ሰዓቱን እያየ ቆመ። ደወሉ ከካቢኑ ጣሪያ ላይ ጮኸ። በጥበቃ ክፍሉ ያለው ኢንተርኮምም ጮኸ፤ ጥበቃው ግን በር ላይ መኪና እየፈተሸ ስለነበር ማንም አላነሳውም። ሪፖርቱ አጭር ነበር፦ ደወሉ ይሠራል፣ የሚመልስ የለም።

ድርጅቱ በቅድመ ሁኔታነት ያስቀመጠው ኢኤን 81-28 የተባለውን የአውሮፓ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በ2018 የተሻሻለው ይህ ደረጃ የሚመለከተው አንድን ጉዳይ ነው፤ ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው ከውጭ ካለ አዳኝ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ። የሕንፃው ባለቤት መጀመሪያ የጠየቁኝ «እኛ አውሮፓ ነን እንዴ?» ብለው ነበር። ጥያቄያቸው መልስ ነበረው። ሊፍቶቻችን የቻይና ሥሪት ናቸው፤ የቻይናው የሊፍት ደረጃ ራሱ የአውሮፓውን መሠረት አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ለማሽኖቻችን እንግዳ የሆነ ነገር አልተጠየቅንም።

ደረጃው የሚጠይቀውን በራሴ ቃል ልንገራችሁ። የተያዘው ሰው ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ሌላ ምንም ማድረግ የለበትም፤ ቁጥር አይመታም፣ መነጋገሪያ አያነሳም። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ይሰማማሉ፣ ይነጋገራሉ። ካቢኑ ፎቅ ላይ ቆሞ በሩ ክፍት ሳለ ልጅ ቁልፉን ቢነካካ፣ ከቁልፉ ጋር የተያያዘው መደወያ መሣሪያ ጥሪውን አጣርቶ ማስቀረት ይችላል። መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የሚያሠራ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ የባትሪው አቅም ከዚያ በታች ሲወርድም ለአዳኙ ወገን በራሱ ያሳውቃል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ግን ሌላውን ነው፦ መሣሪያው ቢያንስ በየሦስት ቀኑ ማንም ሳያዘው ራሱ እየደወለ መስመሩ ሕያው መሆኑን ያረጋግጣል። በእኛ አገር የድንገተኛ መሣሪያ መበላሸቱ የሚታወቀው በድንገተኛው ቀን ነው።

መሣሪያው የሚደውልበትን መስመር መምረጥ ቀላል መስሎኝ ነበር። መደበኛ ስልክ አለን፣ እሱን እንቀጥልለት የሚል ሐሳብ ቀረበ። የድሮው የመዳብ መስመር ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ የሕንፃው መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የእኛ መስመር ግን ወደ ፋይበር ተቀይሯል፤ ፋይበር ደግሞ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሳጥን ኤሌክትሪክ ካላገኘ ዝም ይላል። ሊፍት በብዛት የሚቆመው መብራት ሲጠፋ መሆኑን አስቡት። በዚህ ምክንያት በሲም ካርድ የሚሠራ መሣሪያ መረጥን። ሻጩ በርካሽ ዋጋ ያቀረበልን በ2ጂ ብቻ የሚሠራውን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ሲዘጉ በየሕንፃው ያሉ የቆዩ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች መለወጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ተመሳሳይ ነገር እንዳይደርስብን 4ጂ የሚችለውን በጥቂት ብር ልዩነት ወሰድን፤ ሁለት ሲም ስለሚቀበልም ከሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች አስገባንበት።

ቴክኒሻኑ መሣሪያውን ካቢኑ ላይ ሊገጥመው ሲያዘጋጅ አስቆምኩት። ካቢኑ የብረት ሳጥን ነው፤ የሚመላለሰውም በኮንክሪት ግድግዳ መካከል ነው። ምድር ቤት ሲደርስ ሞባይሌ ምንም ኔትወርክ እንደማያሳይ በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ ሲም ያለበት ሳጥን ከላይ በማሽን ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ፣ አንቴናው ወደ ውጭ ወጣ፣ ድምፁ ብቻ ከካቢኑ ጋር በሚንቀሳቀሰው ኬብል ወረደ። በኬብሉ ውስጥ ትርፍ ሽቦዎች ነበሩ፤ መጀመሪያ የተያዙት ግን ከኃይል ሽቦዎቹ ጎን ያሉት ስለሆኑ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ንግግሩን ጉርምርምታ ዋጠው። የተጠማዘዘውን ጥንድ ሽቦ ፈልገን ስንቀይር ድምፁ ጠራ።

ስለ ባትሪ ከአውሮፓው ይልቅ የአሜሪካኖቹን ደረጃ ተከተልኩ። ኤኤስኤምኢ (የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ያወጣው ኤ17.1 የሚባለው የሊፍት ደንባቸው ለመነጋገሪያው ቢያንስ የአራት ሰዓት የመጠባበቂያ ኃይል ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይመለሳል ብሎ የሚወራረድ ሰው ካለ ገንዘቡን እወስዳለሁ። ጄኔሬተር አለን፤ ግን ጄኔሬተርም ነዳጅ ያልቅበታል፣ ሳይነሳ የሚቀርበትም ቀን አለ። መብራት ሲጠፋ ካቢኑን በባትሪ ወደ ቅርቡ ፎቅ ወስዶ በሩን የሚከፍት መሣሪያም ገጥመናል። እሱ ከተገጠመ ወዲህ በመብራት ምክንያት የሚያዝ ሰው በጣም ቀንሷል። ባለቤቱ «እንግዲያው ስልኩ ለምን አስፈለገ?» አሉ። የበር ብልሽት፣ የሴንሰር ብልሽት፣ የፍሬን ብልሽት የመብራት መኖር አለመኖር አይገዳቸውም አልኳቸው።

እስከዚህ ያለው በገንዘብ የሚገዛ ነው። የከበደኝ የሚመልሰውን ሰው ማደራጀት ነበር።

ጥሪው መጀመሪያ ወደ ጥበቃ ክፍል ሳይሆን ተረኛው ጥበቃ በወገቡ ወደሚይዘው ሞባይል እንዲሄድ አደረግን፤ ተረኛ ሲቀያየር ሞባይሉም በፊርማ ይቀያየራል። አሁንም ከአሜሪካኖቹ ደንብ የተዋስኩት አለ፦ በ45 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ያላገኘ ጥሪ ወደ ሌላ ቦታ መዞር አለበት። የእኛ ወደ እኔ ይዞራል፣ ከእኔም ወደ ጥገና ድርጅቱ ተረኛ። የጥገና ውላችን የሚለው «በሥራ ሰዓት» ስለነበር፣ ሌሊትና በዓል የሚል ቃል እስኪጨመርበት ድረስ እድሳቱን አልፈረምኩም። ጥበቃው ጥሪውን እንዳነሳ የታመመ ወይም ጭስ የሚሸተው ሰው መኖሩን ካወቀ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ይደውላል።

ከዚያ የሚናገሩትን ማስተማር መጣ። ጥበቃዎቻችን ደጎች ናቸው፤ ችግሩም ደግነታቸው ነበር። ሰው ተይዟል ሲባል ብረት ይዘው በሩን ሊፈለቅቁ ይሮጣሉ። ካቢኑ በሁለት ፎቆች መካከል ቆሞ በሩ ከተከፈተ፣ ዘሎ ለመውረድ የሚሞክር ሰው ከካቢኑ ወለል ሥር ባለው ክፍተት ሊፍቱ ወደሚመላለስበት ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። ሰውየው ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሳለ መብራት ቢመለስና ካቢኑ ቢንቀሳቀስ ደግሞ የሚሆነውን መናገር አልፈልግም። ይህን ሳስረዳ በዕድሜ የሚበልጡን የሌሊቱ ጥበቃ «ልጄ፣ ሰው እየጮኸ እጄን አጣጥፌ ልቁም?» አሉኝ። እጅዎን አጣጥፈው አይቆሙም፣ ያነጋግሩታል አልኳቸው። ለተያዘ ሰው ትልቁ እርዳታ የሰው ድምፅ ነው። ጠይቁ የተባሉትም ጥቂት ነው፦ የትኛው ሊፍት ነው፣ ስንት ሰው አለ፣ የታመመ ወይም ነፍሰ ጡር አለች ወይ። ንገሩ የተባሉትም እንዲሁ ጥቂት ነው፦ አየር አያልቅም፣ ካቢኑ የአየር መግቢያና መውጫ አለው፤ በሩን አይንኩት፤ ቴክኒሻኑ መንገድ ላይ ነው። የሊፍት በር የሚከፈትበትን ባለሦስት ማዕዘን መክፈቻ ከጥበቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አውርጄ ቆለፍኩበት። ለአንድ ሳምንት ያህል ተኮረፍኩ። በኋላ ግን እኚያው ሽማግሌ ከማንም በላይ ጥሩ መላሽ ሆኑ፤ አንድ ቀን የተያዘችን ልጅ ስለ ትምህርቷ እየጠየቁ ቴክኒሻኑ እስኪደርስ አቆይተዋታል።

መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ ደረጃው ሁለት ምልክቶችን ያዛል፦ ጥሪው ሲላክ ቢጫ፣ መላሹ ሲያነሳ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ይጠይቅ ስለነበር፣ በዚህ ላይ ከባለቤቱ ጋር አልተከራከርንም። መሣሪያው ይዞት የመጣው የተቀዳ መልእክት ግን እንግሊዝኛ ነበር። ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም በማይባል ወጪ «የእርዳታ ጥሪዎ ተልኳል፣ እባክዎ ይጠብቁ» የሚለውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቀድተን ተካነው። ከምልክቶቹ ሥርም ትርጉማቸውን በሁለቱ ቋንቋዎች ለጠፍን።

ሲም ካርድ የራሱ ጣጣ አለው። ሂሳቡ ሲያልቅ መሣሪያው በሕይወት ይኖራል፣ መደወል ግን አይችልም። ስለዚህ የሁለቱም ሲም ሂሳብ ከኪራይ መሰብሰቢያ ቀን ጋር ተያይዞ ይሞላል፤ የሦስት ቀን የራስ ሙከራው ጥሪ ሳይመጣ ከቀረ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች፣ ምክንያቱም ጥሪው የሚመጣው በእሷ ስልክ ነው።

ድርጅቱ ውሉን ፈርሞ ገብቷል። ከሪፖርቱ ያልተዘጋ አንድ ነጥብ አለ፦ ቴክኒሻን በካቢኑ ጣሪያ ላይ ወይም በጉድጓዱ ወለል ሲሠራ ቢያዝ የሚጫነው ቁልፍ እዚያም መኖር አለበት። በአንደኛው ሊፍት ተገጥሟል፤ ለሁለተኛው ኬብል ታዝዞ አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ በዚያ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ማንም ብቻውን እንዳይወርድ ከጥገና ድርጅቱ ጋር በጽሑፍ ተስማምተናል።