«ፈቅጄላችኋለሁ»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ታስሮ ስለነበር ከእናቱ ጋር ምሳ ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እመላለስ ነበር። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ያገኘነው ጥበቃ ምሳ ዕቃውን አስከፍቶ ከሽሮው ካስቀመሰን በኋላ፣ «ዛሬ አምስት ደቂቃ እንድታዩት ፈቅጄላችኋለሁ» አለን። እሷም ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ እደግ» ስትል መረቀችው። የታሰረ ሰው ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መደንገጉን የማውቀው እኔም አብሬ አመሰገንሁ። ሰብዓዊ መብት ከሰው ጋር አብሮ ይወለዳል ወይስ ሥልጣን የያዘ ይሰጠዋል የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ምርቃት ነው።

በወረቀት ላይ ጥያቄው ከተመለሰ ቆይቷል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ሆኖ ነበር የቀረበው፤ የ1987ቱ ግን በአንቀጽ 10 ሰብዓዊ መብቶችና ነፃነቶች «ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ፣ የማይጣሱና የማይገፈፉ» መሆናቸውን ይናገራል። ሐሳቡም ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥት ራሱ ነፃነት የሰው ሁሉ የተፈጥሮ ድርሻ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ እዚያው ላይ ባርነትን ይፈቅዳል።

ይህ እውነትን መስክሮ ወዲያው በር የመክፈት ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት እንኳ ሊነኩ የማይችሉትን ሲዘረዝር አንቀጽ 1ን፣ 18ን፣ 25ን እና የ39ን ሁለት ንዑሳን አንቀጾች ይጠቅሳል፤ የመንግሥቱ ስያሜ የተደነገገበት አንቀጽ 1 በዝርዝሩ ውስጥ ሲገኝ፣ የሕይወት መብት የሰፈረበት አንቀጽ 15 ግን የለም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ የተሳሳትሁ መስሎኝ መልሼ አንብቤዋለሁ።

የሚያስከብረው መንግሥት ከሌለ መብት ባዶ ቃል ነው የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል በኖረበት አገር በተፈጥሮ ያገኘሁት ነው ማለት ብቻውን ከእስር አያስፈታም። ሆኖም ማስከበርና መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዘበኛ ቤቱን ስለጠበቀ የቤቱ ባለቤት አይሆንም። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ምክንያት የማቅረብ ግዴታ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። መብት ስጦታ ከሆነ ለምን ሊሰጠው እንደሚገባ ማስረዳት ያለበት እስረኛው ነው፤ የተፈጥሮ ከሆነ ግን ለምን እንደከለከለ ማስረዳት ያለበት አሳሪው ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ የሚገኘው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት የያዘውን ወገን ጠርቶ ይህን ሰው የማትለቀው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ዘመዴ ክስ ሳይመሠረትበት በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈታ። በማግሥቱ እናቱ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ለዚያ ጥበቃ ይዛለት ሄደች።