«የወሎ ልጅ ነኝ» ብዬ የመራሁት ጉዞ

ኮምቦልቻ ስማር «የወሎ ልጅ ነኝ» ማለት እወድ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። የኮምቦልቻው ሰው አባቴ ነው። እኔ በልጅነቴ ለበዓል ሁለት ሦስቴ መጥቻለሁ። ያኔም ከአያቴ ግቢ አልወጣሁም። ግን ዶርማችን ውስጥ ከነበርነው ስድስት ልጆች ወሎ ውስጥ ዘመድ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ሞልቼ ሳወራ ማን ያርመኛል?

2010 ዓ.ም.፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ነው። ባቻችን ውስጥ ከደቡብ ሱዳን በስኮላርሺፕ የመጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። ወንዱ የጁባ ልጅ ነው። ቁመቱ ከዶርም አልጋ ስለሚተርፍ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ነው የሚተኛው። አማርኛውን የለመደው እኛው ዘንድ ነው፤ ስድቡን ቀድሞ፣ ሰላምታውን በኋላ። አንድ ማታ ላውንጅ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ እንዲህ አለ፦ «ሁለት ዓመት ኖሬ ያየሁት ክላስና ካፌ ብቻ ነው። አገሬ ስገባ ኢትዮጵያ እንዴት ናት ቢሉኝ፣ ሽሮዋ ቀጭን ናት ልበል?»

ሳቅን። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የወሎ ልጅ እኔ ነኛ!

እቅዱን እዚያው አወጣሁ። ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ሄደን ገዳሙን፣ እሑድ ደግሞ የባቲን ገበያ እናያለን። አሥራ አንድ ሰው ሆንን፤ ስድስት ወንድ፣ አምስት ሴት። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 300 ብር። ገንዘቡን የምትይዘው ሳንቲም የማትለቅ አንዲት የጎንደር ልጅ እንድትሆን ተስማማን። በዚያ ጉዞ ካደረግኋቸው ነገሮች ያለ አንዳች ጸጸት የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው። አስተባባሪው ብሩንም ከያዘ ጉዞው ሲያልቅ ጓደኝነቱም አብሮ ሊያልቅ ይችላል።

ሚኒባስ ኮንትራት ለመያዝ መናኸሪያ ሄድኩ። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ሐይቅ ደርሶ መልስ ስንት ነው?» አልኳቸው። 1,600 አሉ። አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ፊቴን አዙሬ ሁለት እርምጃ ሄድ አልኩ። ጠሩኝ። በ1,400 ተጨባበጥን። ግቢ እስክደርስ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁን አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተቀጣጥረን 1 ሰዓት ተኩል ተነሳን። (ሴቶቹ በሰዓታቸው ደርሰዋል። ያዘገየነው ወንዶቹ ነን።)

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ ላይ ናቸው። ቁጥሩን ጂኦግራፊ ላይ ተምሬዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ነው። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር መስኮቱ አንድ አንድ እያለ ይዘጋል። ደሴ አፋፍ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱ ላይ ወርዷል፤ ጦሳ ተራራ እንኳ የት እንዳለ አይታይም። የጁባው ልጅ በቲሸርት ነበር። ሁለት ጆሮውን በእጁ ይዞ «ይሄ ሌላ አገር ነው እንዴ?» አለ። ሹፌሩ ከወንበራቸው ኋላ የታጠፈ ጋቢ ስበው አወጡ። «እንካ ልበስ የኔ ልጅ። የሰው አገር ብርድ ክፉ ነው።»

እኔም በቲሸርት ነበርኩ። ግን የወሎ ልጅ ይበርደኛል ይላል? ደሴ ፒያሳ ላይ ትኩስ ፉል እስክንበላ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ደሴን አልፈን፣ በጢጣና በሱሉላ አድርገን ሐይቅ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ውሃው ተራራ ከቦት ጸጥ ብሎ ተኝቷል። የማውቀውን ሁሉ አወራሁ። እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ እንደተመሠረተ፣ ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት እንደነበረና ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር እንደተያያዘ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ መጥተው እዚህ እንደተማሩ። «እንግዲህ እሳቸውም እንደኛ ከቤታቸው ርቀው የመጡ ተማሪ ነበሩ» ስል ሁሉም ወደደልኝ። ንግግሬ አማረ።

በሩ ላይ ስንደርስ አንድ አባት ተቀበሉን። ቡራኬ ሰጡን፤ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ወንዶቹ ግቡ። እናንተ ልጆቼ እዚህ ጥላው ሥር አረፍ በሉ» አሉ።

ሴት አይገባም። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ይህ ደንብ እዚያ አገር ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነው። አምስት ሴቶች ይዤ፣ ገዳም እንጎበኛለን ብዬ ብር ሰብስቤ መጥቻለሁ። ካሸሯ አየችኝ። ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ዛፉ ሥር ቁጭ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣ ነው። የጁባው ልጅ ጠጋ ብሎ «እኔ እኮ ትናንት ማታ ኢንተርኔት ላይ አንብቤዋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያገሩ ልጅ አንተ ነህ። ለሴቶቹ ሌላ ፕሮግራም ይኖረዋል ብዬ ነዋ።»

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አዋቂ ነኝ ያልኩት እኔ፣ የሚያውቁትን ሰዎች አፍ ዘግቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጉዞ ሳዘጋጅ መጀመሪያ የማደርገው ነገር፣ ስለምንሄድበት ቦታ እያንዳንዱ ሰው የሰማትን አንዲት ነገር እንዲናገር ማድረግ ነው። በተለይ እንግዳው። እንግዳ ሰው ስለሚፈራ ያነባል፤ ያገሩ ልጅ ግን ተማምኖ ይተኛል።

ወንዶቹ ገባን። የገዳሙን ቅርሶች አየን፤ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን። ግን ልቤ ውጭ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስንወጣ ጥላው ሥር ማንም የለም። ቁልቁል ወርደን ስንፈልግ ለካ ሴቶቹ ጀልባ ተከራይተው ሐይቁን ዞረው፣ ወፉን ሁሉ አይተው፣ ዳር ያለ ምግብ ቤት ተቀምጠው የቆሮሶ አሳ ጥብሳቸውን እየበሉ ነው። ጣታቸውን ሲልሱ ደረስን።

«ለኛስ አዘዛችሁ?»

«አሳው አልቋል» አለች ካሸሯ፣ አከርካሪውን ሳህኑ ዳር እያስቀመጠች። ደግሞ እውነቷን ነበር። አስተናጋጁም ማታ ነው የሚመጣው አለን። ሽሮ በላን። ቀጭን ነበረች።

ለመመለስ ስንነሳ 10 ሰዓት ሆኗል። ሹፌሩ ተቆጥተዋል። ደርሶ መልስ ማለት ደርሶ መልስ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አቁማችሁኛል፣ 600 ብር ትጨምራላችሁ አሉ። እኔም ጦፍኩ። ተስማምተናል፣ ተጨባብጠናል፣ ቃል ቃል ነው እያልኩ ስጮህ የጁባው ልጅ አጠገቤ የሰውየውን ጋቢ እንደለበሰ ቆሟል። ማውለቅ ይጀምራል፣ ይበርደዋል፣ መልሶ ይለብሳል።

ካሸሯ መሃል ገባች። «ጋሼ፣ ምሳ በልተዋል?»

ዝም አሉ። አልበሉም። አሥራ አንድ ሰው ይዘን መጥተን፣ አንዳችንም ኑ አብረን እንብላ አላልናቸውም። ቁጣቸው ከብሩ ይልቅ ከዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደሴ ላይ አቁመን ጥብስ አስመጣንላቸው፤ ቡናውን እስከ በረካ አብረን ጠጣን። በ300 ብር ተስማማን። ጋቢውን ኮምቦልቻ እስክንገባ አልተቀበሉትም።

አሁን ኮንትራት ስይዝ ከዋጋው በፊት የማነሳቸው ነገሮች አሉ። ስንት ሰዓት ወጥተን ስንት ሰዓት እንገባለን፣ የት የት እንቆማለን፣ ነዳጁ በማን ነው። የሹፌሩ ምሳ ግን ለድርድር አይቀርብም፤ ከኛው ጋር ነው የሚበላው።

ለባቲ ኮንትራት የሚሆን ብር አልተረፈም። እሑድ በተራ ሚኒባስ ሄድን። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። የትናንቱን ብርድ የማይረሳው የጁባው ልጅ ሹራብ ገዝቶ ለብሶ መጣ። በላብ ተጠመቀ።

ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ባቲ ገበያ አሟሟቅኩላቸው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት፣ ግመሉ የሚሰለፍበት፣ ጨው የሚወርድበት። ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር እንደሆነም ጨመርኩ። ትናንት አምባሰል አጠገብ ነበርን፣ ዛሬ ባቲ፤ በሁለት ቀን ሁለት ቅኝት! ይህን ሳወራ ከኋላችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ገበያው ሜዳ ደረስን። ሁለት ፍየሎች ካርቶን እየበሉ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ሻይ የምታፈላ ሴትዮ ዘንድ ሄጄ «እትዬ፣ ገበያው የት ነው?» አልኩ።

«ሰኞ ነው እኮ። ነገ ኑ።»

ካሸሯ ሳቀች። ቆማ መሳቅ ሲያቅታት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ማደር አንችልም፤ ሰኞ ጠዋት የሚድ ፈተና አለብን። ሴትዮዋ ዘንድ ተደርድረን ሻይ ጠጣን። አፍልታ ስትጨርስ ሰኞ ምን እንደሚመስል በእጇ እያሳየች ነገረችን። ግመሉ በዚህ፣ ፍየሉ በዚያ፣ እህሉ እዚያ ጋ። ባዶውን ሜዳ እያየን ሰማናት። ከዚያ ጉዞ አብልጬ የማስታውሰው ይህን ሰዓት ነው።

ሳምንት ቆይቼ አያቴን ጠየቅኳቸው። ቤታቸው ከግቢያችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ከመሄዴ በፊት ብጠይቃቸው ኖሮ ሁለቱንም ይነግሩኝ ነበር። «ባቲ? በእሑድ?» አሉ፣ ቡናውን እየቀዱ። «ምን ልትሸጥ?»

የጁባው ልጅ ተመርቆ አገሩ ገብቷል። አልፎ አልፎ ይደውላል። እንደምን አለህ አይልም። ስልኩን እንዳነሳሁት «ያገሩ ልጅ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» ይለኛል።