የፍሬን ሸራ ሽታ

የትራፊክ ፖሊስ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጤፍ የጫነ መኪና አስቆምኩ፤ ከኋላ ጎማዎቹ የሚወጣው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከጎማው ሥር ወተፈ። ገና ልጅ ነው፤ ታኮው ከገባ በኋላም እንኳ መኪናው እንዳያመልጠው የፈራ ይመስል እጁን ከእንጨቱ ላይ አላነሳም።

አሽከርካሪው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ጭነቱ ሌሊቱን አዲስ አበባ እህል በረንዳ ካልደረሰ ገበያው እንደሚያልፋቸው ነግረውኝ ተቆጡ። እኔም ቁልቁለቱን ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው በዝቅተኛ ማርሽ ካልወረዱና ፍሬን ሳያቋርጡ ከረገጡ ሸራው ግሎ መያዝ እንደሚያቆም አስረዳኋቸው፤ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት ግን አልጠፋኝም።

ሸራው እስኪቀዘቅዝ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ለዚህ ሁሉ ፀሐይ በወር ስንት ይከፍሉሃል?» አሉኝ። ስነግራቸው ሳቁ፤ ግማሹ ለቤት ኪራይ እንደሚሄድ ስጨምርላቸው ግን ሳቃቸውን አቋርጠው ከያዙት ቆሎ አፈሱልኝ። (ጉቦ ነው ካላላችሁኝ ተቀብያለሁ።)

ደመወዙ እንደማይበቃ ባለቤቴ በየወሩ መጨረሻ ታስታውሰኛለች፤ ሌሊት ስልክ በጠራ ቁጥርም ልቤ ይደነግጣል። የትራፊክ ፖሊስነቱን ትቼ ወደ ቢሮ ሥራ ያልተዛወርኩበትን ምክንያት ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል፤ ምናልባት የዚያ ልጅ እጅ ከእኔ በተሻለ ያስረዳ ይሆናል።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ ድልድዩን ተሻግረን ጎሐ ጽዮን ወጥተናል» አሉኝ።