«መብራት» የሚለው ፎልደር

የሙሽራዋ እናት ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ገና መብራቱን ሁሉ አላበራሁም ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ፍላሿን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«ልጄ፣ ሰርጋችን ላይ ያልነበረችው ይቺ ሴትዮ ማናት?»

ደሜ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ እኔ ነበርኩ።

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። ድሮ ፒያሳ ነበርን። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃችንን ጭነን ወደ መገናኛ ዞርን። ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ። ዲቪ ሲከፈት ሰልፉ ደረጃው ድረስ ይወርዳል። ጀርባው ነጭ፣ መነጽር የለም፣ ዓይን ፊት ለፊት፣ ፊት ረጋ ያለ። በቀን መቶ ጊዜ «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ» እላለሁ። ማታ በሕልሜም የምለው ይመስለኛል።

ሱቁ ሲዘጋ ግን አርቲስት ነበርኩ። ጋሼ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ቁልፉን ትተውልኝ ይሄዳሉ። እኔ ፊቴን ነጭ እቀባለሁ። ከግንባሬ እስከ አገጬ ጥቁር መስመር አሰምራለሁ። ቀይ ጨርቅ እከናነባለሁ፤ አንዳንዴም ጀበና አናቴ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ታይመሩን 10 ሰከንድ ላይ አድርጌ መሮጥ ነው። ራሱን የሚያነሳ ሰው ትልቁ ጣጣው ፎከስ ነው፤ ካሜራው ጋ ሲሆን የሚነሳው ሰው የለም፣ እዚያ ሲቆም ደግሞ አንሺው የለም። የእኔ ዘዴ ጃኬት ነው። የመብራት ማቆሚያ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ አቆምና ጃኬቴን በቁመቴ ልክ አንጠለጥልበታለሁ። ጃኬቱ ላይ ፎከስ ይዤ አውቶውን አጠፋለሁ። ከዚያ ማቆሚያውን አንስቼ በቦታው እኔ እቆማለሁ። ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ከፕላስተሩ ትንሽ ካለፍኩ ዓይኔ ይደበዝዛል።

ቅቡን ከየት እንዳመጣሁት ፎቶ የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ስልኬ ውስጥ አጠራቅሜ፣ አጉልቼ እያየሁ ነበር የምቀባው። አዲስ ፎቶ ፌስትን በፈረንጆቹ 2010 የጀመረችው አይዳ፣ ቀዩና ሰማያዊው መታወቂያዋ የሆነው አይዳ። እሷ እንኳ በአብዛኛው የምታነሳው ሞዴሎችን ነው። ያንን እንኳ ልብ ሳልል ነው የቀዳሁት። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባል የለ? እኔ ደምቄ ነበር። ላይኩም አይናቅም ነበር።

ያን ሳምንት የሰርጉ ሜሞሪ ላይ ቦታ ተርፎ ነበርና ማታ በዚያው ተጠቀምኩ። ጠዋት ደግሞ ያው ሜሞሪ ካሜራው ውስጥ ነው። ሰዎቹ «ቶሎ፣ ቶሎ» ሲሉኝ ሁሉንም ሰሌክት አድርጌ ፍላሻቸው ላይ ገለበጥኩት። አላየሁትም። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ቤተሰቡ ፎቶውን የከፈተው ሳሎን፣ ትልቁ ቲቪ ላይ፣ የሙሽራው ወገን ምሳ ተጠርቶ ነው። ሚዜዎቹ አለፉ፤ ኬኩ ተቆረሰ። ቀጥሎ ፊቷ የነጣ፣ ጀበና የተሸከመች ሴት ብቅ አለች። የሙሽራው አያት «በስመ አብ» ብለው ከተቀመጡበት ተነሱ አሉ። አንዱ አማች ደግሞ በጨዋ ደንብ «በእናንተ በኩል ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሼ ከጓዳ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ። አንድ ትልቅ ፎቶ በፍሬም በነጻ እንደሚያሠሩላቸው ነገሯቸው። የፍሬሙ ዋጋ ከእኔ ደሞዝ እንደሚቆረጥ በዓይናቸው ነገሩኝ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ሴትዮዋ ፍላሿን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«ቀለሙስ ይሁን፤ የልጅ ጨዋታ ነው። ያቺ ወረቀት የያዝሽባት ግን… ያን ቀን ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም እትዬ። መብራት ስሞክር ነው።»

«እሱን እንኳ ተይው» አሉና ወጡ።

ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ የማደርገው ነገር ነው። ነጭ ወረቀት አገጬ ሥር ይዤ ቢጫው ፕላስተር ላይ እቆማለሁ፤ አንድ ሁለት ፎቶ አነሳለሁ። የወረቀቱ ነጭ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ቀለሙን አስተካክላለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ «መብራት» የሚል ፎልደር ውስጥ እወረውረዋለሁ። አጥፍቼው አላውቅም። ስንፍና ነው።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ፎልደሩን ከፈትኩት። የሁለት ዓመት ጠዋት ነው፤ ከ600 ፎቶ በላይ። ግድግዳው አንድ፣ ርቀቱ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ። የሚለዋወጠው ፊቴ ብቻ ነው። አንዱ ላይ ሹሩባዬ ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ አለ። አንዱ ላይ ከጠበል በቀጥታ መጥቻለሁ፤ እምነቱ ግንባሬ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሴትዮዋ ያዩት ደግሞ እህቴን ቦሌ ሸኝቼ ወደ ሥራ የገባሁበት ቀን ነው። ወደ ዱባይ ነበር የሄደችው። ስክሪኑን አጎላሁት። የያዝኩት ወረቀት ጀርባው ተጽፎበታል። መብራቱ ከኋላ ሲመታው የበረራዋ ሰዓት ተገልብጦ በስሱ ይታያል። እኔ ራሴ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ነው። ሌላ ወረቀት ስላጣሁ ያንኑ ነው ያነሳሁት።

ቀለም ከተቀባሁባቸው ውስጥ አንዱም እንደዚህ አላስቆመኝም።

አሁን ገባኝ ብዬ በማግስቱ ጠዋት ፕላስተሩ ላይ ቆምኩ። ጉድ ነው የወጣው። ፊቴ ነገሩን አውቆታል። ሐዘን ይጫወታል፤ ዓይኑን ወደ መስኮት ይሰዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ተበላሸ። ትንሽ የተመለሰልኝ የዲቪ ሰሞን ነው። ወረፋው አስቸኩሎኝ፣ ልብ ሳልል፣ እንደ ድሮው ቀጭ አድርጌ ወደ ሥራዬ ስሮጥ። ለካ ሳልጠነቀቅ የምናገረው ቋንቋ ጉርድ ፎቶ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ እንደ እንጀራ ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ወዲህ የጉርድ ፎቶን ሕግ እንዳለ እይዝና አንዷን ብቻ እጥሳለሁ። አንድ ቀን የእህቴን መነጽር አድርጌ። አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ። ሌላው ሁሉ እንደ ኤምባሲ ነው።

ፎቶዎቹን በትንሹ አትሜ ለጋሼ አሳየኋቸው። የፍሬሙ ጉዳይ ገና አልበረደም ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ ቆዩ።

«እኛም እናደርገው ነበር» አሉ።

ድሮ በፊልም ጊዜ ነው። ጥቅልሉ 36 ፎቶ ይይዛል። ደንበኛው ጉርዱን ለነገ ይፈልገዋል፤ ፊልሙ ግን አላለቀም። ጥቅልሉን ለማስጨረስ ራሳቸውን ያነሳሉ። «ፊልሙ እንዳይባክን» አሉ፤ ስሕተት እንዳመነ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይሄኔ ስለ ፎቶ አንሺው ሳሙኤል ፎሶ ነገርኳቸው። ካሜሩን ተወልዶ ናይጄሪያ ያደገ ነው። የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ውስጥ በፈረንጆቹ 1975፣ በ13 ዓመቱ ፎቶ ቤት ከፈተ። ቀን ደንበኛ ያነሳል፤ ማታ በተረፈው ፊልም ራሱን፣ በሰፊ ሱሪና በጥቁር መነጽር። ደህና መሆኑን እንድታይ ናይጄሪያ ለቀረችው አያቱ ይልክላታል። በፈረንጆቹ 1994 ማሊ፣ ባማኮ ላይ ሲታይ ግን ዓለም ጉድ አለ።

ጋሼ የቡና ስኒያቸውን አዟዟሩት።

«ለአያቱ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ለማንም አልላክሁም» አሉ። ተነሥተውም የመጣ ደንበኛ ተቀበሉ።

ሰኞ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ገብተው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እንዲህ አያደርጉም። ጓዳ ውስጥ ወረቀት ይቆርጣሉ፤ ቀናም አላሉ። ኮምፒውተሩን ስከፍት «መብራት» ውስጥ እኔ ያላነሳሁት አንድ ፎቶ አለ። ቢጫው ፕላስተር ላይ ጋሼ ቆመዋል። ኮታቸውን ቆልፈዋል። ነጩን ወረቀት በሁለት እጃቸው አገጫቸው ሥር ይዘዋል። የጃኬቱን ዘዴ አልነገርኳቸውም ነበር፤ ፎከሱ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ነው። የቀለሙ ስንጥቅ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል።