አክስቴ ያሉት አንበሳ

አክስቴ ጥር ላይ ለሠርግ ከደሴ መጥተው ነበር። የሠርጉ ሽር ጉድ ጋብ ሲል፣ ቡና እየጠጣን፣ «ልጄ፣ ካልተቸገርክ ከተማውን አሳየኝ። ፎቶም አንሳኝ፣ አንበሳው ጋ» አሉኝ። አዲስ አበባን ለመጨረሻ ጊዜ ዞረው ያዩት በ1963 ዓ.ም. ነው፤ ከባለቤታቸው ጋር በተጋቡ በሳምንቱ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ለለቅሶና ለሕክምና ስለነበር ጉዟቸው ከመናኸሪያ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መናኸሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል።

«አንበሳው» ያሉት የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ባትሪ ሞላሁ፤ የካሜራውን ሌንስ ወለወልኩ፤ የምንሄድባቸውን ስምንት ቦታዎች በወረቀት ላይ በተርታ ጻፍኩ። እሳቸውን ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህኛው ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራዳ ጊዮርጊስ ደረስን። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በአጼ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ አነሱት፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን ሁሉ ለአክስቴ በኩራት ተረኩላቸው፤ ከዚያም ከሐውልቱ መሠረት ሥር አቁሜያቸው ስልኬን ወደ ላይ አንጋጥጬ አነሳሁ። በፎቶው ላይ ፈረሱ ሆድ ብቻ ሆኗል። የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከሰማዩ ብርሃን የተነሳ ጠቁሯል። አክስቴ ደግሞ ከታች ጥግ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይታያሉ። አንገታቸው ላይ ካሜራ ያንጠለጠሉ አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ቀረብ ብለው «ላንሳችሁ?» ሲሉን «ስልክ አለኝ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ አለፍኳቸው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነበር። ስምንት ጎን ያለውን የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በውጭ ዞርን፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ በጥድፊያ አየን፤ በአራት ኪሎ አድርገን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወጣን። ድንቅነሽ ጋ አክስቴ ዝም ብለው ቆዩ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ቁመቷ ግን ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፍ መሆኗን ስነግራቸው «ይህችን የምታህል!» አሉና እጃቸውን ወገባቸው አካባቢ አድርገው ለኩ። ያ እንቅስቃሴ ምን ዓይነት ፎቶ ይወጣው ነበር! እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ከመስታወቱ ላይ ከሚያንጸባርቀው መብራት ጋር ትግል ላይ ነበርኩ። መፍትሔው ቀላል መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው፤ ፍላሹን አጥፍቶ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ማጣበቅ ይበቃል። በሌንሱና በመስታወቱ መካከል ክፍተት ከሌለ ነጸብራቁ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖረውም።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። በየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ፣ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች የፈጸሙት ጭፍጨፋ በነሐስ ተቀርጿል። አክስቴ ምስሎቹን አንድ በአንድ እየተጠጉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ዞሩ። እኔ የሐውልቱን ጫፍ ከፎቶው ውስጥ ለማስገባት ወደ ኋላ ስሸሽ መንገዱ ዳር ደርሼ ነበር። ዞሬ ሳያቸው ካሜራውን አወረድኩ። እንዲህ ያለውን ሰዓት ማንሳት አይገባም የሚል እምነት አለኝ፤ የሚያሳዝነኝ ፎቶ ሳላነሳቸው መቅረቴ ሳይሆን አጠገባቸው አለመቆሜ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖች የፋሺዝምን ዓመታት ለመቁጠር የሠሩት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ከድል በኋላ ከላይኛው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከተማችን ውስጥ እንዲህ በአጭሩ ብዙ የሚናገር ሌላ ሐውልት አላውቅም። «አንበሳው ይህ ነው?» አልኳቸው። «አይ፣ የእኔው ትልቅ ነው» አሉ። ስለዚህ ለገሃር ወሰድኳቸው።

ለገሃር የሚገኘው፣ ዘውድ የደፋው አንበሳ፣ ስደተኛ አንበሳ ነው። ጣሊያኖች ወደ ሮም ወስደውት ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. እዚያው ሮም ላይ ቁጣውን በሰይፍ የገለጸበት ታሪክ ከስሙ ጋር አብሮ ይነሳል። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሁን» አሉ። እኔም አነሳሁ። ደክሟቸው ስለነበር መስቀል አደባባይን በመኪና መስኮት አሳይቻቸው ወደ ቤት ገባን።

ማታ 412 ፎቶ ስቆጥር፣ ልጃቸው ከደሴ አንድ ምስል በቴሌግራም ላከችልኝ። ዳሩ የተላጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አክስቴ በወጣትነታቸው ሹሩባ ተሠርተው፣ ባለቤታቸው ሱፍ ለብሰው፣ ከኋላቸው አንበሳ ይታያል። አንበሳው ግን ከድንጋይ የተጠረበ፣ ደረቱን የነፋ፣ ግዙፍ ነው፤ የብሔራዊ ቴአትሩ አንበሳ። በ1948 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር ቴአትር ቤቱ ሲመረቅ የቆመ፣ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግር ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። እኔ በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ በአጠገቡ አልፋለሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ስትሮጥ ዋልክ፤ አሁንስ ምን ላስቸግርህ ብዬ ነው» አሉ። ይሉኝታ ነው። ታላላቆቻችንን ይዘን ስንወጣ ይህን ልናውቅ ይገባል፤ ውኃ ጠምቷቸው፣ እግራቸው ዝሎ፣ አንበሳው ሌላ ሆኖ እንኳ «ይሁን» ይላሉ። ጠያቂው እኛ መሆን አለብን።

በማግስቱ ለብቻዬ ጊዮርጊስ ሄጄ እኒያን አንጋፋ ፎቶ አንሺ ፈለግኋቸው። ያበላሸኋቸውን ፎቶዎች ሳሳያቸው አልሳቁብኝም። እጄን ይዘው ከሐውልቱ ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰዱኝና «ሰውን ወደ ሐውልት አታስጠጋ፤ ወደ ራስህ አምጣው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንሺው ከሐውልቱ አርባና ሃምሳ እርምጃ ይርቃል፤ የሚነሳው ሰው ደግሞ ከአንሺው ሦስትና አራት እርምጃ ላይ ይቆማል። ሐውልቱ በርቀት ያንሳል፣ ሰውየው በቅርበት ያድጋል፣ ሁለቱም ሙሉ ሆነው በአንድ ፎቶ ይገባሉ። ካሜራውን ደረት አካባቢ ዝቅ አድርጎ መያዝ ደግሞ ሰውየውን ከመኪናውና ከአጥሩ በላይ ያወጣዋል። እኔ ለዓመታት ሰዎችን ከሐውልት ሥር እየወሸቅሁ ኖሬያለሁ።

ስለ ብርሃንም ጠየቅኳቸው። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የእኩለ ቀን ፀሐይ ጠንካራ ናት፤ ግንባር ላይ ታበራና ዓይንን ጉድጓድ ታደርገዋለች። ነጠላ የለበሰ ሰው ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን ሲቀንስ ፊት ይጠቁራል፣ ለፊት ብሎ ሲጨምር ነጠላው ይቃጠልና ጥለቱ ሳይቀር ይጠፋል። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውን ከዛፍ ወይም ከሕንፃ ጥላ ሥር አቁሞ ማንሳት፣ ስልክ ከሆነ ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። ስለዚህ በጥር ጥላ ውስጥ የሚውለው የሕንፃ ፊት በሰኔ ብርሃን ያገኛል። የአንድን ቦታ ፎቶ ከአንድ ቀን ሙከራ ተነስቶ «አያምርም» ማለት አይቻልም።

ሌላው ስህተቴ አጭር ነው። አንድ የታጠረ ግቢ በር ላይ ሳልጠይቅ ካሜራ አንስቼ ጥበቃው አስቁሞኝ ፎቶውን አስጠፋኝ፤ አክስቴም ደነገጡ። ከዚያ ወዲህ በር ያለበት፣ ዘብ የቆመበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጥቼ እጠይቃለሁ። ወታደር፣ ፍተሻና ቤተ መንግሥት ወዳለበት አቅጣጫ ካሜራ አላዞርም። መንገደኛም ቢሆን ሰው ነውና ፊቱን ከመውሰዴ በፊት ፈቃዱን እጠይቃለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ወደ አንድ ቦታ ብቻ ወጣን። የድሮውን ፎቶ ስልኬ ላይ አሰፋሁና ሳነበው ሥራዬ አንሺው የቆመበትን ቦታ ፍለጋ ሆነ። ማን እንደነበር አይታወቅም፤ ከፎቶው ጀርባ ያለው ማኅተም ደብዝዟል። እግሩን የት እንዳሳረፈ ግን ፎቶው ይናገራል። በድሮው ምስል የአንበሳው ጎን ከኋላው ካለው የቴአትር ቤቱ ግድግዳ ላይ የት እንደሚያርፍ አየሁ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንቀሳቀስኩ ሁለቱ እንደዚያው እስኪገናኙ ፈለግኩ። የግራና የቀኙ ጉዳይ በዚህ ያልቃል። ወደፊትና ወደ ኋላ የመሄዱ ጉዳይ በመጠን ይታወቃል፤ ቀርቤ ከሆነ አንበሳው ከሕንፃው አንጻር ከልክ በላይ ይገዝፋል፣ ርቄ ከሆነ ያንሳል። የስልኬ ዋና ሌንስ በጣም ሰፊ ስለሚያይ ከድሮው ፎቶ ጋር አልስማማ አለኝ፤ ሁለት እጥፍ አቅርቤ ወደ ኋላ ስሸሽ ግን ገጠመ። የዚያ ዘመን ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበርና እጥፉ ከዚያ ጋር ይቀራረባል።

ጥላው ግን እምቢ አለ። በድሮው ፎቶ የአንበሳው ጥላ በአንድ ወገን ተኝቷል፤ እኛ በጠዋት ስንደርስ በተቃራኒው ነበር። የተነሱት ከሰዓት በኋላ ነበር ማለት ነው። ወሩም ያው ጥር በመሆኑ መጠበቅ ብቻ በቂ ነበር። አንድ ቡና ቤት ገብተን ተቀመጥን። አክስቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፎቶው አወሩኝ፤ ጫማቸው አዲስ ሆኖ እንደላጣቸው፣ ባለቤታቸው ዓይናቸውን እንዳይጨፍኑ ሲፈሩ እንደነበር፣ ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ሙሉ እንደጠበቁ። በፊተኛው ቅዳሜ ስምንት ቦታ ስናዳርስ ከዚህ አንዱን እንኳ አልሰማሁም ነበር።

ዐሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥላው ወደ ቦታው መጣ። ዙሪያው ተለውጧል፤ የንግድ ባንኩ ረጅም ሕንፃ ከአካባቢው ሁሉ በላይ ወጥቷል፣ መኪናው በዝቷል። አንበሳው ግን ያው ነው። አክስቴ ሳልነግራቸው ሄደው ቆሙ። ወደ ግራ ስላዘነበሉ «ትንሽ ወደ መሃል» ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። በድሮው ፎቶ የቆሙትም እዚያው ነበር። ሰባት ጊዜ አነሳሁ፤ አምስተኛው ላይ ነፋስ ነጠላቸውን ከፍ አድርጎት ፊታቸው ሙሉ በሙሉ በርቷል።

ሰኞ ዕለት ለማሳተም ፎቶ ቤት አብረን ሄድን። ወጣቱ ሠራተኛ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ «እናቴ፣ በቀኝ በኩል ባዶ ነው፤ ቆርጬ መሃል ላድርግዎት?» አላቸው።

አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩ።

«ተወው ልጄ፣ ሰው አለው» አሉት።