ከታች የሚመጣው ዝናብ

በጨለማና በዝናብ በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ በጀመርሁበት ወቅት በቅድሚያ የገዛሁት የዝናብ ጃኬት ነበር። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ በመለያ ወረቀቱ ላይ ጨርቁ የ10,000 ሚሊ ሜትር የውኃ ዓምድ ግፊት፣ ማለትም ያን ያህል ከፍታ ያለው ውኃ ቢቆምበት ሳያሳልፍ እንደሚቋቋም ተጽፎ ስላየሁም ችግሬ ሁሉ የተፈታ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ደህና ዝናብ በወረደበት የመጀመሪያው ጠዋት መሥሪያ ቤት ስደርስ ደረቴና ትከሻዬ ደረቅ ሲሆኑ ከጉልበቴ በታች ግን ወንዝ የተሻገርሁ እመስል ነበር። በጀርባዬ ላይ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ የጭቃ መሥመር መሰመሩን የነገረኝ ደግሞ ከኋላዬ ደረጃ ይወጣ የነበረ ባልደረባዬ ነው። ጃኬቱ ጥፋት አልነበረበትም። ያራሰኝ ከሰማይ የወረደው ውኃ ሳይሆን ጎማዎቼ ከአስፋልቱ ላይ እያፈሱ የረጩብኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ከጃኬት በፊት ፓራፋንጎ፣ ማለትም ጎማው የሚረጨውን የሚከልለው ሽፋን። በኮርቻው ሥር የሚሰካው አጭር ፕላስቲክ ጀርባን ያድን ይሆናል እንጂ እግርን አያድንም፤ እግርን የሚያረጥበው የፊተኛው ጎማ ነውና። የሚያገለግለው ጎማውን ዙሪያውን አቅፎ ወደ ታች የሚወርድና ከጎማው ስፋት በ10 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋው ሙሉ ፓራፋንጎ ነው። ከመግዛት በፊት ግን በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል በቂ ክፍተት መኖሩን፣ ማሰሪያ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም መኖራቸውን ማየት ይገባል። የፊተኛው ፓራፋንጎ የታችኛው ጫፍ ወደ መሬት በቀረበ መጠን ጫማ ይተርፋል፤ የእኔ አጭር ስለነበረ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጬ በሁለት ብሎን ጫፉ ላይ አሰርሁበት። መልኩ አያምርም፤ ካልሲዬን ያዳነልኝ ግን ከጃኬቱ ይልቅ ይህ ቁራጭ ላስቲክ ነው።

ስለ ጃኬቱ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው ጃኬቱ አፈሰሰ ብሎ የሚያማርረው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ላብ ረጥቦ ነው። ፔዳል የሚመታ ሰው ይሞቀዋል፤ ላቡ በቀዝቃዛው ጨርቅ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወደ ውኃነት ይለወጥና መልሶ ልብሱን ያርሰዋል። በመሆኑም ውኃ የማያስገባ መሆኑ ብቻ በቂ ስላልሆነ በብብት በኩል ዚፕ ያለው፣ ወደ ፊት ሲጎነበሱ ወገብን እንዳይገልጥ ከኋላው ረዘም ያለ፣ የእጅጌው ጫፍም የሚጠብቅ ቢሆን ይመረጣል። የዝናብ ጠብታ በጃኬቱ ላይ እንደ ዶቃ መንከባለሉን ትቶ ጨርቁ ውስጥ መስረግ ሲጀምር የላይኛው ቅብ ማለቁን ያሳያል፤ ይህ ሲሆን በአግባቡ አጥቦ ቅቡን ማደስ እንጂ አዲስ ጃኬት መግዛት የግድ አይደለም። ከሥር የሚለበሰው ጥጥ ባይሆን ይሻላል፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም በመጠኑ ያሞቃል።

በመብራት ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነውና። ለማየት የሚያስፈልግ መብራትና ለመታየት የሚያስፈልግ መብራት አንድ አይደሉም። የመንገድ መብራት ባለበት ከ100 እስከ 200 ሉመን ያለው የፊት መብራት ይበቃል፤ ጨለማ በሆነ መንገድ ጉድጓድ ለይቶ ለማለፍ ግን 400 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ይሁንና ሉመን የሚለካው የሚወጣውን የብርሃን መጠን እንጂ ብርሃኑ የሚወድቅበትን ቦታ አይደለም። እንደ እጅ ባትሪ ክብ ብርሃን የሚበትን መብራት ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጭበረብራል፤ በዝናብ ደግሞ ከጠብታዎቹ ላይ እየነጠረ የራስን ዓይን ይጋርዳል። የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ የብስክሌት መብራት የሌሎችን ዓይን እንዳያጭበረብር የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ደንብ መሠረት የተሠሩት መብራቶች ብርሃናቸው ከላይ ተቆርጦ ወደ መንገዱ ስለሚወርድ ለዝናብ እጅግ ይስማማሉ። ውኃ መቋቋሙን በተመለከተ አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭን ውኃ እንደሚችል፣ አይፒኤክስ 7 የሚለው ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢነከርም እንደማይበላሽ ያመለክታል። ለዕለት ተዕለት ዝናብ የመጀመሪያው ይበቃል፤ የኃይል መሙያው ቀዳዳ የላስቲክ ክዳን በሚገባ እስከገጠመ ድረስ።

የእኔ ስሕተት ከኋላ ነበር። አንድ ምሽት ቤቴ ደርሼ ብስክሌቴን ሳቆም የኋላ መብራቴ እንደበራ ነበር፤ ነገር ግን የጃኬቴ የኋላ ጫፍ በሙሉ ሸፍኖት ነበር። ያን ረዥም ጫፍ መርጬ የገዛሁት እኔው ነኝ። በምን ያህል መኪና ፊት ጨለማ ሆኜ እንደተጓዝሁ አስቤ ደነገጥሁ። የፊት መብራት ሲጠፋ ይታወቃል፤ የኋላውን ግን ነጂው ራሱ አያየውም። ስለዚህ አሁን ሁለት የኋላ መብራት አለኝ፤ አንዱ ከኮርቻው በታች፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ከፓራፋንጎው ጋር የታሰረ ነው። ባትሪ መሙላት ለሚረሳ ሰው ደግሞ በጎማው እምብርት ውስጥ የሚገጠመው ዲናሞ ፍቱን ነው፤ በ6 ቮልት 3 ዋት ያህል ያመነጫል፣ ደህናዎቹ መብራቶችም ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ ለጥቂት ደቂቃዎች በርተው ይቆያሉ።

ደማቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ለሌሊት ተዘጋጅቻለሁ የሚል ሰው አያለሁ። ይህ ቀለም የሚደምቀው በቀን ብርሃን ውስጥ ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጥ ነው፤ ሲመሽ ጨረሩ ስለሌለ ተራ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በሌሊት የሚሠራው የመኪናን ብርሃን ወደመጣበት የሚመልሰው አንጸባራቂ ነው። ቦታውም ከደረት ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከፔዳሉ ጋር ሽቅብ ቁልቁል ሲል ሹፌሩ የሚያየው ነገር ምሰሶ ሳይሆን ሰው መሆኑን ወዲያው ይለያልና። እርግጥ አንጸባራቂ ብርሃን ካላረፈበት አይሠራም፤ ከጎን መንገድ ብቅ ለሚል መኪና የሚያስፈልገው መብራት ነው።

ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በዝናብ ጊዜ መጀመሪያ ውኃውን ስለሚጠርግ ዘግይቶ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። የዲስክ ፍሬን ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ጎማ ሰፋ ቢል፣ ነፋሱም በመጠኑ ቢቀነስ መንገዱን ይበልጥ ይጨብጣል፤ የተቀባ የመንገድ መሥመርና የብረት ክዳን ግን በየትኛውም ጎማ ያንሸራትታሉ። ለኮምፒውተሬ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ቦርሳ እጠቀማለሁ፤ ዚፕ ይዋል ይደር እንጂ ውኃ ማስገባቱ አይቀርም።

ጫማን በተመለከተ ብዙ ዓይነት ሽፋን ሞክሬአለሁ፤ ሁሉም አንድ ቀን ያስገባል። አሁን መሥሪያ ቤት አንድ ደረቅ ጫማ አስቀምጫለሁ፤ የረጠበውን ጋዜጣ ጠቅጥቄበት ከጠረጴዛዬ ሥር አኖረዋለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ብቻ እለውጥለታለሁ።